ጥቁር አሜሪካውያን ቤተሰቦች ልጆቻቸውን በቤት ማስተማር ለምን መረጡ?

እ.ኤ.አ. በ2020 የጸደይ ወራት፣ የኮቪድ-19 ወረርሽኝ የአሜሪካን ትምህርት ቤቶች በዘጋበት ሰሞን፣ የአገሪቱ የሕዝብ ቆጠራ ቢሮ የወረርሽኙን ጫና ለመለካት ባዘጋጀው ፈጣን የቤተሰብ ጥናት ውስጥ ልጆቻቸውን በቤት ስለሚያስተምሩ ወላጆች የሚጠይቅ ጥያቄ አካትቶ ነበር። በዚያ የመጀመሪያ ዙር፣ ለትምህርት የደረሱ ልጆች ካሏቸው ጥቁር ቤተሰቦች መካከል በቤት እናስተምራለን ያሉት 3.3 በመቶ ነበሩ። አዲሱ የትምህርት ዘመን ከተጀመረ በኋላ፣ ከሴፕቴምበር 30 እስከ ኦክቶበር 12 በተደረገው ዙር ይኸው ቁጥር 16.1 በመቶ ደረሰ። በዚያው ጊዜ የሁሉም ቤተሰቦች አማካይ ከ5.4 ወደ 11.1 በመቶ አድጓል። አገሩ በጠቅላላው እጥፍ ሲጨምር ጥቁር ቤተሰቦች አምስት እጥፍ ገደማ ጨምረዋል ማለት ነው።

ይህን ቁጥር በጥንቃቄ መያዝ ያስፈልጋል። ቢሮው በሁለቱ ዙሮች መካከል ጥያቄውን አብራርቶ፣ በትምህርት ቤት ተመዝግቦ በኮምፒውተር ብቻ የሚማር ልጅ በቤት እንደሚማር እንዳይቆጠር አድርጓል፤ ይህ ማሻሻያ ቁጥሩን ዝቅ ያደርገዋል እንጂ ያንረዋል ተብሎ አይጠበቅም። በሌላ በኩል ለጥናቱ መልስ የሰጡት ከተጠየቁት ውስጥ ጥቂቶቹ ብቻ ነበሩ፤ ወቅቱም ሁሉ ነገር የተናጋበት ነበር። ከወረርሽኙ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ2016፣ በመላ አገሪቱ በቤት ይማራሉ ተብለው ከተገመቱት 1.7 ሚሊዮን ገደማ ልጆች መካከል ጥቁሮቹ ስምንት በመቶ ነበሩ። ትምህርት ቤቶች ሲከፈቱ ብዙዎች ተመልሰዋል፤ ሁሉም ግን አልተመለሱም። ዋሽንግተን ፖስት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሰፊ ምርመራ፣ ሊነጻጸር የሚችል መረጃ በተገኘባቸው ግዛቶች ውስጥ በስድስት የትምህርት ዘመናት በቤት የሚማሩ ልጆች ቁጥር በ51 በመቶ ሲያድግ የግል ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች ቁጥር በ7 በመቶ ብቻ ማደጉን አሳይቷል። ወረርሽኙ አጋጣሚውን ፈጠረ፤ ምክንያቱ ግን ከእርሱ በፊት የነበረ ነው፤ እዚህ የምንመረምረውም ያንን ምክንያት ነው።

በተለምዶ ሆምስኩሊንግ የሚባለው የአሜሪካ እንቅስቃሴ በሕዝብ ዓይን ለረጅም ጊዜ የነጮችና የሃይማኖተኞች ነበር። በ1970ዎቹ እንደ ጆን ሆልት ያሉ አሳቢዎች ትምህርት ቤት የልጅን የማወቅ ፍላጎት ይገድላል ብለው ሲነሡ፣ በ1980ዎቹ ደግሞ ወንጌላውያን ክርስቲያኖች የመንግሥት ትምህርት ቤት እምነታችንን ይሸረሽራል በማለት በብዛት ተቀላቀሉ። እ.ኤ.አ. በ1983 የተቋቋመው የቤት ትምህርት ሕጋዊ ተከላካዮች ማኅበር በየፍርድ ቤቱና በየምክር ቤቱ ሲሟገት ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1993 ልጅን በቤት ማስተማር በሃምሳዎቹም ግዛቶች ሕጋዊ ሆነ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ጥቁር ወላጆች እምብዛም አይታዩም። ኋላ ላይ ሲመጡ ደግሞ ይዘውት የመጡት ጥያቄ ሌላ ነበር። በእርግጥ ከእነርሱም መካከል ልጄን በእምነቴ ላሳድግ የሚሉ ብዙ አሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2000 በሉዊዚያና ባተን ሩዥ የጥቁር ቤት አስተማሪዎችን ብሔራዊ ማኅበር የመሠረቱት ኤሪክና ጆይስ በርጅስ አማኝ ባልና ሚስት ናቸው። ይሁን እንጂ የቴምፕል ዩኒቨርሲቲዋ አማ ማዛማ ከጋርቪ ለንዲ ጋር እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተመችው ጥናት ጥቁር ወላጆችን ስታነጋግር ደጋግሞ ያጋጠማት ነገር ልጅን በዘሩ ምክንያት ከሚደርስበት ጉዳት የመጠበቅ ፍላጎት ነበር። ነጩ ወላጅ በአብዛኛው ልጁ ከሚማረው ነገር ሊጠብቀው ሲያወጣ፣ ጥቁሩ ወላጅ ልጁ ከሚታይበት ዓይን ሊጠብቀው ያወጣል ቢባል ከእውነት አይርቅም።

ያ ዓይን በግልጽ የሚታየው በቅጣት ጉዳይ ነው። የፌዴራል ትምህርት ሚኒስቴር የሲቪል መብቶች ቢሮ የ2011–12 የትምህርት ዘመንን መረጃ ሲያወጣ፣ በመንግሥት ቅድመ መደበኛ ትምህርት ቤቶች ከተመዘገቡት ሕፃናት ጥቁሮቹ 18 በመቶ ሆነው ሳለ፣ ከአንድ ጊዜ በላይ ከትምህርት ገበታ ከታገዱት መካከል ግን 48 በመቶ ነበሩ። የምንናገረው ስለ አራት ዓመት ልጆች ነው። ጫማውን ገና በቅጡ ማሰር ያልቻለ ልጅ በምን ጥፋት ከትምህርት ቤት ይታገዳል ብሎ መጠየቅ ተገቢ ይመስለኛል። የአሜሪካ ኮንግረስ የሒሳብ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤትም እ.ኤ.አ. በ2018 ባቀረበው ሪፖርት፣ በ2013–14 ከመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪዎች 15.5 በመቶ የሆኑት ጥቁር ልጆች ከታገዱት ውስጥ 39 በመቶ ገደማ እንደነበሩ ገልጿል። ብዙ ሰው ልዩነቱ የድህነት ጉዳይ ነው ብሎ ያልፈዋል። ሪፖርቱ ግን ልዩነቱ በድሃ ሰፈር ትምህርት ቤቶችም፣ የተሻለ ኑሮ ባላቸው ሰፈሮች ትምህርት ቤቶችም፣ በየትኛውም የቅጣት ዓይነት መታየቱን አረጋግጧል።

እንዴት እንዲህ ሊሆን ቻለ ለሚለው ጥያቄ ተመራማሪዎች ለሃያ ዓመታት ያህል መልስ ሲፈልጉ ቆይተዋል። ራስል ስኪባና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት ነጭ ተማሪዎች ወደ ቢሮ የሚላኩት በአብዛኛው በማያከራክር ጥፋት፣ ማለትም ሲጋራ በማጨስ፣ ንብረት በማበላሸት ወይም ያለ ፈቃድ ከትምህርት ቤት በመውጣት ሲሆን፣ ጥቁር ተማሪዎች ግን ንቀት አሳየ፣ ጮኸ፣ አስፈራራ በሚል፣ ፍርዱ በመምህሩ ስሜት ላይ በሚመሠረት ክስ እንደሚላኩ አሳይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2016 የዬል ዩኒቨርሲቲው ዋልተር ጊሊያም የመዋዕለ ሕፃናት መምህራንን ሰብስቦ ሕፃናት ሲጫወቱ የሚያሳይ ቪዲዮ እያሳየ፣ ረባሽ ባሕርይ ሊታይ ስለሚችል በንቃት እንዲከታተሉ ነግሯቸው ዓይናቸው የት እንደሚያርፍ በመሣሪያ ለካ። በቪዲዮው ውስጥ ምንም ዓይነት ረብሻ አልነበረም፤ የመምህራኑ ዓይን ግን ወደ ጥቁር ልጆች፣ በተለይም ወደ ወንዶቹ አዘነበለ። ሴቶቹም ከዚህ አያመልጡም፤ የጆርጅታውን የሕግ ትምህርት ቤት በ2017 ባወጣው ጥናት አዋቂዎች ከአምስት ዓመት ዕድሜ ጀምሮ ጥቁር ሴት ልጆችን ከእኩዮቻቸው ነጭ ልጆች ይልቅ እንደ ትልቅ ሰው የሚቆጥሩ፣ እንክብካቤና ማጽናናትም ያን ያህል አያስፈልጋቸውም ብለው የሚያስቡ ሆነው ተገኝተዋል።

ይህን ሁሉ በወላጅ ቦታ ሆኖ ማየት ያስፈልጋል። እናቲቱ ይህን ጥናት አላነበበች ይሆናል። የምታውቀው ሥራ ላይ እያለች ስልኳ መጮኹን ነው፤ ልጅሽን መጥተሽ ውሰጂው ትባላለች። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ጥሪ ላይ፣ ቤት ውስጥ ጨዋና ጠያቂ የሆነው ልጅ በትምህርት ቤት መዝገብ ላይ ሌላ ሰው ሆኖ እንደሚኖር ትረዳለች። ልጁም ያንን መዝገብ ማመን ሲጀምር፣ እኔ መጥፎ ልጅ ነኝ ሲል ስትሰማ፣ ብዙውን ጊዜ ውሳኔው የሚወሰነው ያኔ ነው።

ከቅጣት ቀጥሎ የሚመጣው ልጁ ይችላል ተብሎ የሚጠበቅበት ነገር ማነስ ነው፤ ይህ ደግሞ ድምፅ ስለሌለው የባሰ ነው ብዬ አምናለሁ። ሴዝ ጌርሸንሰንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጡት ጥናት አንድን ጥቁር ተማሪ ጥቁር መምህርና ጥቁር ያልሆነ መምህር ሲገመግሙት፣ ጥቁር ያልሆነው መምህር ልጁ የአራት ዓመት የኮሌጅ ዲግሪ ያገኛል ብሎ የመገመት ዕድሉ በ30 በመቶ ያህል ያንሳል። ተማሪው አንድ ነው፤ የተለየው የገማቹ ማንነት ነው። ጌርሸንሰንና ሌሎች ተመራማሪዎች በቀጣዩ ዓመት እንዳሳዩት ከሦስተኛ እስከ አምስተኛ ክፍል ባለው ጊዜ ቢያንስ አንድ ጥቁር መምህር ያጋጠማቸው የድሃ ቤተሰብ ጥቁር ወንዶች ልጆች ሁለተኛ ደረጃን የማቋረጥ ዕድላቸው በ39 በመቶ ይቀንሳል። አንድ መምህር ብቻ! ነገር ግን በ2017–18 ከአገሪቱ የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህራን ውስጥ ጥቁሮቹ ሰባት በመቶ ገደማ ነበሩ፤ ብዙ ጥቁር ልጅ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ሲጨርስ የእርሱን መልክ የያዘ መምህር ክፍል ውስጥ ቆሞ አይቶ አያውቅም።

የመምህራኑ ማነስ ራሱ ታሪክ አለው፤ ታሪኩም ከድል ጋር የተያያዘ መሆኑ ያስገርማል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1954 በብራውን ጉዳይ በዘር የተለያዩ ትምህርት ቤቶች ሕገ መንግሥቱን ይጥሳሉ ብሎ ሲወስን፣ በተከታዮቹ ዓመታት የደቡብ ግዛቶች ጥቁር ልጆችን ወደ ነጮች ትምህርት ቤት አስገብተው የጥቁሮቹን ትምህርት ቤቶች ዘጉ፤ መምህራኖቻቸውን ግን አላስገቡም። እስከ 1965 ባለው ጊዜ ውስጥ በ17 ግዛቶች 38,000 ገደማ ጥቁር መምህራንና ርእሳነ መምህራን ሥራቸውን እንዳጡ ይገመታል። ከነዚህ ብዙዎቹ በትምህርት ደረጃቸው ከተኳቸው ነጮች የሚበልጡ ነበሩ። ልጆቹ የተሻለ ሕንፃና መጽሐፍ ሲያገኙ፣ አባታቸውን የሚያውቅ፣ ከእነርሱ ብዙ የሚጠብቅ፣ ሲያጠፉም እንደ ልጁ የሚቆጣ መምህር አጡ። ዛሬ በቤት የሚያስተምሩ ጥቁር እናቶች ስለ ምኞታቸው ሲናገሩ የሚገልጹት መምህር ብዙ ጊዜ ያንን የጠፋውን መምህር ይመስላል።

ልዩ ተሰጥኦ ላላቸው ልጆች በሚሰጠው ትምህርትም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። ዴቪድ ካርድና ላውራ ጁሊያኖ ያጠኑት በፍሎሪዳ የሚገኝ አንድ ትልቅ የትምህርት ወረዳ ልጆችን ለዚህ መርሐ ግብር የሚመርጠው በመምህርና በወላጅ ጥቆማ ነበር። ወረዳው የሁለተኛ ክፍል ልጆችን በሙሉ መፈተን ሲጀምር የጥቁርና የሂስፓኒክ ልጆች ቁጥር በጉልህ ጨመረ፤ በበጀት እጥረት ፈተናው ሲቀር ቁጥሩ ተመልሶ ወረደ። ልጆቹ መጀመሪያውኑም እዚያ ነበሩ፤ ማንም አልጠቆማቸውም እንጂ።

ስለሚማሩት ይዘት የሚነሣው ቅሬታ ከነዚህ በኋላ የሚመጣ ነው፤ በቅርብ ዓመታት ግን ጎልቷል። የፍሎሪዳ ግዛት በጃንዋሪ 2023 ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የተዘጋጀውን የላቀ የአፍሪካ አሜሪካውያን ጥናት ኮርስ አልቀበልም አለ፤ በዚያው ዓመት ጁላይ ባጸደቀው የታሪክ ትምህርት መመዘኛ ደግሞ በባርነት የተያዙ ሰዎች አንዳንድ ጊዜ ለራሳቸው ጥቅም ሊያውሉት የሚችሉት ሙያ እንዳዳበሩ እንዲነገር አደረገ። ኦክላሆማ እ.ኤ.አ. በ2021 ስለ ዘር በክፍል ውስጥ የሚነገረውን የሚገድብ ሕግ አውጥቷል፤ ሌሎች ግዛቶችም ተከትለዋል። ከዚህ በፊት ስለ ጥቁሮች ታሪክ የሚነገረው በፌብሩዋሪ ወር ብቻ መሆኑን ይተቹ የነበሩ ወላጆች፣ አሁን ያም እንዳይሸራረፍ ይሰጋሉ። በቤት የሚያስተምር ወላጅ ታሪክን ከባርነት ሳይሆን ከአፍሪካ መንግሥታት መጀመር ይችላል፤ አክሱምና ማሊ በነዚህ ቤቶች ሥርዓተ ትምህርት ውስጥ የሚገቡትም በዚህ ምክንያት ነው።

በ2020 የተለወጠው ነገር ታዲያ ምንድን ነው? ክፍሉ ወደ ቤት መጣ። ወላጆች በወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ በተቀመጠ ኮምፒውተር መምህሩ ልጃቸውን እንዴት እንደሚያናግር፣ እጁን ሲያወጣ ስንት ጊዜ እንደሚታለፍ፣ በክፍሉ ደረጃ ይሠራል የተባለው ልጅ ማንበብ ምን ያህል እንደሚቸግረው በዓይናቸው አዩ። በኮቪድ የሚሞቱት ጥቁሮች ከቁጥራቸው በላይ ስለነበሩም ብዙዎች ልጆቻቸውን ቶሎ ወደ ክፍል ለመመለስ አልደፈሩም። በዚያ የግዴታ እረፍት ውስጥ፣ ልጄ ሆዱን የሚያመው ሰኞ ጠዋት ብቻ እንደነበር አሁን ገባኝ የሚሉ እናቶች ተገኙ።

ከታሪክ አንጻር ሲታይ ጥቁር አሜሪካውያን ልጆቻቸውን ከመደበኛው ሥርዓት ውጭ ማስተማራቸው አዲስ ነገር አይደለም። ሳውዝ ካሮላይና እ.ኤ.አ. በ1740 ባወጣችው ሕግ በባርነት የተያዘን ሰው መጻፍ ያስተማረ መቶ ፓውንድ ይቀጣ ነበር፤ ቨርጂኒያ በ1831 ነፃ ጥቁሮች እንኳ ለመማር እንዳይሰበሰቡ ከልክላለች። በዚያው ግዛት በሃምፕተን ከተማ ሜሪ ፒክ የተባለች ነፃ ሴት በቤቷ በድብቅ ታስተምር ነበር፤ የእርስ በርስ ጦርነቱ ሲነሣ በ1861 በአንድ ትልቅ ዛፍ ሥር በይፋ ማስተማር ጀመረች፤ ዛፉ ዛሬም በሃምፕተን ዩኒቨርሲቲ ግቢ ቆሟል።

ለዚህ ጉዳይ ከሁሉ ይበልጥ የሚቀርበው ግን የፕሪንስ ኤድዋርድ አውራጃ ታሪክ ነው። በዚህች የቨርጂኒያ አውራጃ እ.ኤ.አ. በ1951 የአሥራ ስድስት ዓመቷ ባርባራ ጆንስ የጠራችው የተማሪዎች አድማ ከብራውን ክሶች አንዱ ሆነ። ፍርዱ በተሰጠ በአምስተኛው ዓመት፣ በ1959፣ የአውራጃው ባለሥልጣናት ነጭና ጥቁር አብረው ከሚማሩ ይልቅ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች በሙሉ ይዘጉ ብለው ወሰኑ። ለነጭ ልጆች የግል አካዳሚ ተከፈተላቸው፤ ከመንግሥት የሚገኝ የትምህርት ክፍያ ድጎማና የግብር ቅናሽም ለዚያ ዋለ። ጥቁሮቹ ልጆች እስከ አምስት ዓመት ያለ ትምህርት ቤት ቀሩ። አንዳንዶቹ በሌላ ከተማ ወዳሉ ዘመዶች ተላኩ፤ ብዙዎቹ በየቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤትና በየሰው ቤት እናቶችና ጡረታ የወጡ መምህራን የቻሉትን ያህል አስተማሯቸው፤ ጥቂት የማይባሉት ደግሞ ከዚያ በኋላ ወደ ትምህርት አልተመለሱም። ትምህርት ቤቶቹ የተከፈቱት ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1964 ካዘዘ በኋላ ነው።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ተቃራኒ ትምህርቶች ይወጣሉ፤ በጥቁሮች መካከል ያለው የዛሬው ክርክርም ከዚህ ይመነጫል። አንዱ ወገን ሥርዓቱ ሲከዳን ልጆቻችንን ያስተማርነው ራሳችን ነን፣ ዛሬም እንችላለን ይላል። ሌላው ደግሞ አያቶቻችን ድንጋይ እየተወረወረባቸው የገቡበትን በር እኛ በፈቃዳችን ልንዘጋው አይገባም፤ ጠንካሮቹ ወላጆች ከወጡ ለቀሩት ልጆች የሚሟገት ይጠፋል፤ የመንግሥት ትምህርት ቤት የሚደጎመው በተማሪ ቁጥር ስለሆነ የሚወጣ ልጅ ሁሉ ከቀሩት ላይ ገንዘብ ይዞ ይወጣል ይላል። ሁለተኛው መከራከሪያ ቀላል አይደለም። ሆኖም ለአንድ የስምንት ዓመት ልጅ እናት፣ ትምህርት ቤቱ እስኪሻሻል ልጅሽ ይጠብቅ ማለት ማንም በራሱ ልጅ ላይ የማይቀበለውን ነገር መጠየቅ ነው።

የዲትሮይት ከተማ ይህ ሁሉ በአንድ ላይ የተገናኘባት ናት። በ2016 የከተማዋ ተማሪዎች የክፍል ሙቀት የማይቻል፣ አይጥ የሚርመሰመስበት፣ መጽሐፍና ብቁ መምህር የሌለው ትምህርት ቤት ማንበብ እንዳንችል አድርጎናል ብለው የሚሺጋንን ግዛት ከሰሱ። በኤፕሪል 2020 የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ሦስት ዳኞች ያሉት ችሎት መሠረታዊ የንባብ ችሎታ ማግኘት ሕገ መንግሥታዊ መብት ነው የሚል ውሳኔ ሰጠ፤ ውሳኔው ብዙም ሳይቆይ በሙሉ ችሎቱ ተነሣ፤ ጉዳዩም በስምምነት አለቀ። በስምምነቱ መሠረት ለዲትሮይት የንባብ ትምህርት የተመደበውን 94.4 ሚሊዮን ዶላር የግዛቱ ምክር ቤት ያጸደቀው በ2023 ነው። በ2016 የአንደኛ ክፍል ተማሪ የነበረ ልጅ በዚያን ጊዜ ስምንተኛ ክፍል ነበር። እንግዲህ በዚያች ከተማ ለዓመታት የወላጆች ተሟጋች ሆና ትሠራ የነበረችው በርኒታ ብራድሊ በ2020 ኢንጌጅድ ዲትሮይት የተባለውን በቤት የሚያስተምሩ ወላጆች ኅብረት ስትመሠርት፣ እናቶች ለምን እንደተከተሏት ለማስረዳት ብዙ ማተት አያስፈልግም።

ኅብረቱ ያገኘው ድጋፍ ግን ሌላ ጥያቄ አስነሣ፤ ከደጋፊዎቹ አንዱ የዋልተን ቤተሰብና የቻርልስ ኮክ ተቋማት በጋራ ያቋቋሙት ቬላ የተባለው ፈንድ ነበርና። እነዚህ ባለሀብቶች የመንግሥት ትምህርት ቤትን በገበያ ለመተካት ለረጅም ጊዜ ሲሠሩ የቆዩ ናቸው በሚል የሚጠረጠሩ ሲሆን፣ የጥቁር እናቶችን ሕመም ለራሳቸው ዓላማ ይጠቀሙበታል የሚሉ አሉ። ጥርጣሬው የመንግሥት ድጎማ ለነጮች የግል አካዳሚ ከዋለበት ከፕሪንስ ኤድዋርድ ዘመን ጀምሮ ሥር ያለው ስለሆነ እንዲሁ ማለፍ አይቻልም። ገንዘቡን የተቀበሉት ግን በእጃቸው ያለውን ችግር በእጃቸው ባለው ነገር ሲፈቱ ነው።

በቤት ማስተማር በተግባር ምን እንደሚመስል ሲታይ ሸክሙ በአብዛኛው በሴቶች ላይ ይወድቃል። የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲዋ ሼሪል ፊልድስ-ስሚዝ በአትላንታ አካባቢ ለዓመታት ባደረገችው ጥናት ብቻቸውን ልጅ የሚያሳድጉ ጥቁር እናቶችን ጭምር አግኝታ አነጋግራለች፤ ይህም በቤት ማስተማር ባሏ በቂ የሚያገኝላት ሴት ምርጫ ነው የሚለውን ግምት ያፈርሳል። አንዳንዷ የሥራ ሰዓቷን ወደ ሌሊት ታዛውራለች፤ ሌላዋ ከቤት የሚሠራ ሥራ ትፈልጋለች፤ አያቶች የቀኑን ግማሽ ይይዛሉ። ብዙዎች ኮ-ኦፕ በሚባለው የወላጆች ኅብረት ተሰባስበው አንዷ ሒሳብ፣ ሌላዋ ሳይንስ ታስተምራለች፤ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍትና ሙዚየም ክፍላቸው ይሆናል። ልጆች በቤት ሲማሩ ከሰው ጋር መኖር አይለምዱም ለሚለው የተለመደ ስጋት የሚሰጡት መልስም ይኸው ኅብረት ነው። የገቢ መቀነሱ ግን በኅብረት የሚፈታ አይደለም፤ ሌሎች ወላጆች ሥራ ሳይለቁ የሚያገኙትን ትምህርት እነርሱ ከደመወዛቸው እየቀነሱ ይገዙታል።

ሕጉ ከግዛት ግዛት ይለያያል። በቴክሳስና በሚሺጋን ወላጅ ለማንም ማሳወቅ አይገደድም። በጆርጂያ ወላጁ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን የጨረሰ መሆን አለበት፤ በየዓመቱ ማስታወቂያ ያስገባል፤ በዓመት 180 ቀን፣ በቀን አራት ሰዓት ተኩል ማስተማርም ይጠበቅበታል። በቨርጂኒያ እስከ ኦገስት 15 ማስታወቅና በዓመቱ መጨረሻ የልጁን መሻሻል የሚያሳይ ማስረጃ ማቅረብ ያስፈልጋል። በሜሪላንድ ደግሞ ከመጀመሪያው 15 ቀን ቀደም ብሎ ማሳወቅ ግዴታ ሲሆን፣ የትምህርት ወረዳው የልጁን የሥራ ማኅደር በዓመት እስከ ሦስት ጊዜ ሊመረምር ይችላል።

የቁጥጥሩ መላላት የራሱ አደጋ አለው። በቤት የተማሩ ጎልማሶች በ2013 ያቋቋሙት ኃላፊነት ለሚሰማው የቤት ትምህርት የሚሟገተው ጥምረት፣ ማንም የማያየው ልጅ ሳይማር ሊቀር፣ ሲጎዳም የሚደርስለት ሊያጣ እንደሚችል ያስጠነቅቃል። በቤት የሚማሩ ልጆች ውጤታቸው ከፍ ያለ ነው የሚሉት ጥናቶችም በአብዛኛው በፈቃደኝነት ውጤታቸውን ያቀረቡ ቤተሰቦችን ብቻ የሚያዩ ናቸው፤ ልጁ ያልተሳካለት ወላጅ ውጤቱን ይዞ አይመጣም። ስለዚህ በቤት ማስተማር ጥቁር ልጆችን በአማካይ በትምህርት ውጤት ይጠቅማል ወይ ለሚለው ጥያቄ አዎ ለማለት የሚያስችል ጠንካራ ማስረጃ የለም። ወላጆቹ ግን ብዙውን ጊዜ ውሳኔያቸውን በፈተና ውጤት አይለኩም፤ ልጄ እንደገና ይስቃል ይላሉ፤ ይህ ደግሞ በየትኛውም ሠንጠረዥ አይገባም።

ጉዳዩ ለአሜሪካ ሀበሾችም የሩቅ አይደለም። የፌዴራል መንግሥቱ በማርች 2024 ባሻሻለው የዘር አመዘጋገብ ደንብ ጥቁር ወይም አፍሪካ አሜሪካዊ በሚለው ሥር በምሳሌነት ከተዘረዘሩት መካከል ኢትዮጵያዊ የሚለው በስም ይገኛል። በሲልቨር ስፕሪንግ፣ በአሌክሳንድሪያ ወይም በሚኒያፖሊስ ክፍል ውስጥ የተቀመጠው የእኛ ልጅ ቤቱ አማርኛ ቢናገርም፣ ለመምህሩ ዓይን ግን ጥቁር ልጅ ነው። ልዩነቱ በወላጁ በኩል ነው። መምህርን አክብሮ ልጁን አስረክቦ፣ ካጠፋ ቅጡልኝ በሚል ባህል ያደገ አባት ከትምህርት ቤት ሲደወልለት መጀመሪያ የሚቆጣው ልጁን ነው። መዝገቡን ጠይቆ፣ ሌላው ልጅስ ምን ተቀጣ ብሎ መመርመር እንደ ጥቁር አሜሪካዊት ጎረቤቱ ቶሎ አይመጣለትም። በየቤተ ክርስቲያኑና በየማኅበሩ በሳምንቱ መጨረሻ የሚሰጠው የቋንቋና የሃይማኖት ትምህርት ከመደበኛው ትምህርት በተጨማሪ የሚሰጥ ሆኖ የኖረው በዚህም የተነሣ ይመስለኛል፤ ትምህርት ቤቱን መተው ብዙ ጊዜ ለሀሳብም አይቀርብም። እዚያ ተወልዶ ያደገው ትውልድ ወላጅ ሲሆን ይህ መለወጡ አይቀርም።

አሁን ውይይቱ ወደ ገንዘብ ዞሯል። አሪዞና በ2022 ለሁሉም ልጅ የከፈተችው፣ የትምህርት በጀት ለወላጅ በቀጥታ የሚሰጥበት አሠራር ወደ ብዙ ግዛቶች ተዛምቷል፤ ቴክሳስ በ2025 ባጸደቀችው ሕግ በቤት የሚማር ልጅ በዓመት እስከ 2,000 ዶላር እንዲያገኝ ፈቅዳለች። ከጥቁር ወላጆች መካከል ለዓመታት ከኪሳችን የከፈልነው ሊተካ ይገባል የሚሉ አሉ፤ ገንዘቡ ቁጥጥር ይዞ ይመጣል ብለው የሚሸሹም አሉ፤ እንደ ኤንኤኤሲፒ ያሉ የመብት ማኅበራት ደግሞ ገንዘቡ የመንግሥት ትምህርት ቤትን ያራቁታል ብለው ይቃወማሉ። ብዙ ጥቁር ቤተሰቦች በቤት በሚያስተምሩባት ጆርጂያ በ2024 የወጣው ሕግ ውጤታቸው ዝቅተኛ በሆነ ትምህርት ቤቶች ክልል ለሚኖሩ ልጆች በዓመት 6,500 ዶላር ይሰጣል፤ ለቤት ትምህርት ወጪም ሊውል ይችላል። ነገር ግን ተጠቃሚ ለመሆን ልጁ መዋዕለ ሕፃናት የሚገባ ካልሆነ በስተቀር ከማመልከቱ በፊት ሁለት ተከታታይ መንፈቆችን በመንግሥት ትምህርት ቤት የተማረ መሆን አለበት። በ2020 ወይም ከዚያ በፊት ልጇን አውጥታ፣ ሥራዋን ቀንሳ ስታስተምር የቆየች እናት ገንዘቡን ከፈለገች ልጇን መጀመሪያ ወዳወጣችበት ትምህርት ቤት ለአንድ ዓመት መመለስ ይኖርባታል።